ፍራፍሬ ለደም ግፊት፦ የትኛው፣ ስንት፣ በምን ምትክ?

ግፊታችሁ ከፍ ብሎ ሲገኝ ሐኪሙ መጨረሻ ላይ የሚላት ነገር አለች። «ጨው ቀንሱ፣ ፍራፍሬ አብዙ።» ከዚያ ቀጣዩ ተራ ይጠራል። የትኛውን ፍራፍሬ? በቀን ስንት? ጁስ ይቆጠራል ወይ? መድኃኒቱስ ይቀጥላል? ማንም አልነገራችሁም፣ ወረፋው ረጅም ስለሆነ እናንተም አልጠየቃችሁም። ወጥታችሁ መጀመሪያ ያገኛችሁት ጁስ ቤት ትገቡና ትልቅ ብርጭቆ ስፕሪስ ታዛላችሁ፣ ስኳሩ ከነማንኪያው ይጨመርበታል፣ ከላይ ቀይ ሽሮፕ ይፈስበታል፣ «ፍራፍሬ ጀመርኩ» ብላችሁ ትረጋጋላችሁ።

ይህን የምጽፈው ለእንደዚያ ዓይነት ሰው ነው። በተለይ አራት ኪሎ፣ ፒያሳ፣ ካሳንቺስ፣ ስታዲየም፣ ሜክሲኮ አካባቢ ሲሠራ ለሚውል፣ ቁርሱን ቆሞ ለሚበላ፣ ምሳውን ሆቴል ለሚበላ፣ 10 ሰዓት ሲሆን ደግሞ የሆነ ነገር አፉ ላይ ካልጣለ ለማይሆንለት ሰው። የምለው ነገር አንድ ነው። ፍራፍሬ ለግፊት በደንብ የሚሠራው የሆነ ነገር አስወጥቶ ቦታውን ሲይዝ ነው። ቦምቦሊኖውም ሳንቡሳውም እንዳለ ሆኖ ሙዝ ከላይ ብትጨምሩበት ያተረፋችሁት ክብደት ብቻ ሊሆን ይችላል።

እንዴት ነው የሚሠራው

ጨው ውስጥ ያለው ሶዲየም ውኃ ይይዛል። ሰውነት ውስጥ ሲበዛ በደም ሥር የሚዘዋወረው ፈሳሽ ይጨምራል፣ ግፊቱም አብሮ ይወጣል። ፖታሲየም ሥራው የዚህ ተቃራኒ ነው። ኩላሊት ትርፉን ሶዲየም በሽንት እንዲያስወጣ ያደርጋል፣ የደም ሥሮችም ዘና እንዲሉ ያግዛል። ፍራፍሬ ፖታሲየም አለው፣ ሶዲየሙ ግን ከቁጥር የሚገባ አይደለም። አሰር (ፋይበር) አለው፣ ስለዚህ ያጠግባል። ብዙዎቻችን ደግሞ የኑሯችን ነገር ሆኖ የምንበላው በተቃራኒው ነው፤ ጨው የበዛበት፣ ፖታሲየም ያነሰበት።

ለዚህ ጥሩ ማስረጃ አለ። አሜሪካ ውስጥ ተሠርቶ በ1997 እ.ኤ.አ. ውጤቱ የታተመ «ዳሽ» የሚባል ጥናት ነው። 459 ሰዎች በሦስት ቡድን ተከፍለው ለስምንት ሳምንት የተዘጋጀላቸውን ምግብ በሉ። አንዱ ቡድን የተለመደውን የአሜሪካ ምግብ በላ። ሁለተኛው ፍራፍሬና አትክልት በብዛት ተጨመረለት፣ ጣፋጭና መክሰስ ተቀነሰለት። ሦስተኛው በዚያ ላይ ስብ የተቀነሰለት ወተትና እርጎ አገኘ፣ የሚረጋ ስብም ተቀነሰለት። ጨው ግን ለሁሉም እኩል ነበር፣ ክብደታቸውም እንዳይለወጥ ተደርጓል። ቀድሞውንም ግፊት ከነበረባቸው ሰዎች መካከል ፍራፍሬና አትክልት ብቻ የተጨመረላቸው የላይኛው ቁጥራቸው በ7 ገደማ ወረደ፣ ሙሉውን አመጋገብ የተከተሉት ደግሞ የላይኛው በ11 የታችኛው በ5 ገደማ። ለውጡ በሁለት ሳምንት ውስጥ ታየ። በ2001 በታተመው ተከታይ ጥናት ጨውም አብሮ ሲቀነስ ግፊቱ ከዚያ በላይ ወርዷል።

11 ማለት ለአንዳንድ ሰው የአንድ ኪኒን ያህል ነው። ቀላል አይደለም። ግን ልብ በሉ፣ እነዚያ ሰዎች በቀን አንድ ሙዝ በልተው አይደለም እዚያ የደረሱት። በዳሽ አመጋገብ በቀን ከ4 እስከ 5 ድርሻ ፍራፍሬ፣ ሌላ ከ4 እስከ 5 ድርሻ አትክልት ይበላል። አንድ ድርሻ ማለት አንድ መካከለኛ ሙዝ ወይም አንድ ብርቱካን፣ ፓፓያና ማንጎ ከሆነ ደግሞ ተቆራርጦ ግማሽ የውኃ ብርጭቆ የሚሞላ ያህል ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በበኩሉ ፍራፍሬና አትክልት ተደምሮ ቢያንስ 400 ግራም በቀን ይላል፣ ድንች ሳይቆጠር። እኔ ለጀማሪ የምመክረው በቀን ሦስት ድርሻ ፍራፍሬ ነው። ሦስቱ ከለመደላችሁ አራተኛው ራሱ ይመጣል።

መጀመሪያ ኩላሊታችሁን አስመርምሩ

ይህችን ክፍል አትዝለሏት፣ በጣም እለምናችኋለሁ። ፖታሲየም ለጤነኛ ኩላሊት ጥሩ ነው፣ ለተዳከመ ኩላሊት ግን አደገኛ ሊሆን ይችላል። ትርፉን ማስወጣት ሲያቅተው ደም ውስጥ ይጠራቀምና የልብ ምት እስከማዛባት ይደርሳል፣ አንዳንዴም ምንም ምልክት ሳያሳይ። ግፊት ደግሞ ለዓመታት ሳይታወቅ ሲቆይ ኩላሊትን የሚጎዳ በሽታ ነው። ስለዚህ ፍራፍሬ በብዛት ከመጀመራችሁ በፊት ክሬቲኒንና ፖታሲየም የሚባሉትን የደም ምርመራዎች አሠሩ። ብዙ ላቦራቶሪ የሚሠራቸው የተለመዱ ምርመራዎች ናቸው።

የምትወስዱትን መድኃኒት ስምም እወቁ። ኢናላፕሪል፣ ሎሳርታን ወይም ስፓይሮኖላክቶን የምትወስዱ ከሆነ እነዚህ ራሳቸው ፖታሲየምን ሰውነት ውስጥ ያቆያሉ። ፍራፍሬ አትብሉ ማለት አይደለም፣ ኩላሊታችሁ ደህና ከሆነ በምግብ የሚገኘው ብዙውን ጊዜ ችግር የለውም፣ ግን ሐኪሙ ማወቅና አልፎ አልፎ መለካት አለበት። ሃይድሮክሎሮታያዛይድ ወይም ፉሮሴማይድ የሚባሉት የሚያሸኑ መድኃኒቶች ደግሞ በተቃራኒው ፖታሲየምን በሽንት ያስወጣሉ። ኒፈዲፒን የምትወስዱ ከግሬፕፍሩት ራቁ፣ መድኃኒቱን ደም ውስጥ ከሚገባው በላይ ከፍ ያደርገዋል። ያ ትልቁ መራራ ቀመስ ብርቱካን መሰል ማለቴ ነው፤ ብርቱካንና መንደሪን ችግር የለባቸውም።

ስኳር ያለባችሁ ደግሞ ፍራፍሬ አልተከለከላችሁም። ሙሉውን፣ በመጠኑ፣ በአንድ ጊዜ አንድ ድርሻ ብሉ። ጁስ ግን እርሱት።

የትኛው ይሻላል

ሰው ሁሉ ሙዝ ነው የሚለው። ሙዝ ጥሩ ነው፣ የአርባ ምንጭ ሙዝ ዓመቱን ሙሉ አይጠፋም፣ ተልጦ ስለሚበላ መንገድ ላይ እጅ ባትታጠቡ እንኳ ብዙ አያሳስብም። አንድ መካከለኛ ሙዝ ወደ 420 ሚሊ ግራም ፖታሲየም አለው። ግን ብቸኛው አይደለም፣ አንደኛውም አይደለም።

በ100 ግራም ብናነጻጽር አቮካዶ ወደ 485 ሚሊ ግራም አለው፣ ዘይቱን ወደ 417፣ ሙዝ ወደ 358፣ ሮማን ወደ 236፣ ብርቱካንና ፓፓያ ሁለቱም ወደ 180፣ ማንጎ ወደ 168። ሐብሐብ፣ አናናስና ፖም 110 አካባቢ ናቸው።

እዚህ ላይ ስለ ዘይቱን መናገር አለብኝ፣ ምክንያቱም ማንም አያከብረውም። ልጆች ከዛፍ አውርደው የሚበሉት፣ ጉልት ላይ በመደብ የሚሸጠው፣ ሱፐርማርኬት ውስጥ ብዙም የማይታየው ዘይቱን ፖታሲየሙ ከውጭ የሚገባውን አብረቅራቂ ፖም አራት እጥፍ ሊሆን ምንም አልቀረውም። ቫይታሚን ሲውም ከብርቱካን በብዙ ይበልጣል። አሰሩ ከፍተኛ ነው፣ ሁለት ሦስት ፍሬ በልታችሁ ትጠግባላችሁ። ለታመመ ሰው ጥየቃ ስትሄዱ ያንን ውድ ፖም በላስቲክ አንጠልጥላችሁ ከምትሄዱ ዘይቱንና ፓፓያ ይዛችሁ ብትሄዱ ለበሽተኛውም ለኪሳችሁም ይሻላል። ፖም መጥፎ ነው አላልኩም። ግን የበሽተኛ ፍሬ እሱ ብቻ የሚመስለን ነገር ይቅር። ፖም ካማራችሁም የጨንቻው አለ።

አቮካዶ ስቡ ጥሩ ስብ ነው፣ ግን ኃይሉ ከባድ ነው፣ 100 ግራሙ 160 ካሎሪ ገደማ ስላለው ክብደት መቀነስ ያለባችሁ በቀን ግማሹ ይበቃችኋል። ክብደት ከግፊት ጋር በቀጥታ የተያያዘ ነው፤ በግምት አንድ ኪሎ ስትቀንሱ የላይኛው ቁጥር በአንድ ያህል ይወርዳል።

ማንጎ በወቅቱ ብሉ፣ ሲረክስ። በለስ ክረምት ላይ ሲመጣ ብሉ። ተምር ደግሞ ፖታሲየም አለው፣ ስኳሩም ብዙ ነው፣ ሦስት ፍሬ በቂ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በቀን ቢያንስ 3,510 ሚሊ ግራም ፖታሲየም ይመክራል፣ ይህን በሙዝ ብቻ እንሙላ ብትሉ ከስምንት በላይ መብላት ሊኖርባችሁ ነው፣ ማንም አያደርገውም፣ ማድረግም የለበትም። ቀሪው የሚመጣው ከጎመን፣ ከድንች፣ ከምስር፣ ከባቄላ፣ ከቲማቲም ነው። ስለዚህ ፍራፍሬ ስትጀምሩ ጎመኑን አትተዉት።

ቀኑን እንዴት ትከፋፍሉታላችሁ

ጠዋት። ብዙ ሰው ማኪያቶና ቦምቦሊኖ ይዞ ነው ቀኑን የሚጀምረው። ማኪያቶው ይቆይ፣ ስኳሩን ቀንሱ፣ ቦምቦሊኖውን በሙዝ ቀይሩት። ቤት የምትበሉ ከሆነ ከአጃ ገንፎ ጋር ሙዝ ከትፋችሁ ብትበሉ እስከ ምሳ ይይዛችኋል። አቮካዶ በዳቦ የምትወዱም ጥሩ ነው፣ ግን ሲሠራላችሁ ቆማችሁ እዩ። ጨው የሚነሰነሰው እዚያ ላይ ነው። «ጨው አታድርግበት፣ ሎሚ ጭመቅበት» በሉት። ቃሪያና ሽንኩርት ይብዛበት። ዳቦው ራሱ ጨው ስላለው አይጎድልባችሁም፣ ሎሚው ደግሞ ምላስን ያታልላል። ይህ የሎሚ ነገር ለሰላጣም፣ ለጎመንም፣ ለዓሣም ይሠራል። ጨው መቀነስ ያቃተው ሰው መጀመሪያ ቤቱ ሎሚ ይግዛ።

ሎሚን ካነሳን፣ ጠዋት በባዶ ሆድ ሎሚ በሙቅ ውኃ የሚጠጡ ብዙ ናቸው። «ደም ያቀጥናል» ይባላል። ካልጎዳችሁ ጠጡት፣ ጨጓራ ያለባችሁ ግን ተጠንቀቁ፣ በግፊት መድኃኒት ምትክ ግን በፍጹም አይሆንም። ነጭ ሽንኩርትም ፌጦም ሽፈራውም እንደዚያው ናቸው። ያደግንባቸው ስለሆኑ አልንቃቸውም። በእነሱ ተማምኖ ኪኒን የጣለ ሰው ግን ያስጨንቀኛል።

ምሳ። ሆቴል የሚበላ ሰው ጨዉን መቆጣጠር አይችልም፣ ሽሮውም ወጡም ተሠርቶ ነው የሚመጣው። የምትችሉት ነገር በያይነቱ ስታዙ ጎመንና ሰላጣ እንዲበዛ መጠየቅ ነው፣ ተጨማሪ ጨውና ሚጥሚጣ አለመነስነስ፣ ከዚያ ደግሞ ለስላሳውን መተው። ለስላሳ ካማራችሁ አንድ ብርቱካን ልጣችሁ ብሉ።

10 ሰዓት። ዋናው ጦርነት እዚህ ነው። ምሳ ከተበላ ቆይቷል፣ ራት ሩቅ ነው፣ ቢሮ ውስጥ አንድ ሰው «ሻይ እንውጣ» ይላል፣ ከሻዩ ጋር ሳንቡሳ ይመጣል፣ ወይ ችብስ፣ ወይ ጨው የበዛበት የታሸገ ነገር። መንገድ ላይ ደግሞ ቅቅል ድንች በሚጥሚጣ አለ። ድንቹ ራሱ ለግፊት ጥሩ ምግብ ነበር፣ ሚጥሚጣው ውስጥ ያለው ጨው ነው የሚያበላሸው። ይህን ሰዓት በእጃችሁ ፍራፍሬ ኖሮ ካገኛችሁት ግማሹን ሥራ ጨረሳችሁ። ስለዚህ ከቤት ስትወጡ ያዙ። መንደሪን፣ ሙዝ፣ ዘይቱን ቦርሳ ውስጥ አይበላሹም። ለባልደረባችሁም አንድ ትርፍ ያዙ፣ ሰው ሲበላ እያያችሁ ለብቻችሁ መብላት በእኛ አገር አይሆንም፣ እሱም ይለምዳል። አንዳንድ ቢሮ ውስጥ ለሻይ የሚዋጣውን ብር ለፍራፍሬ አድርገው በየተራ የሚገዙ አሉ፤ በጣም ጥሩ ነገር ነው።

ማታ ደግሞ ከራት በኋላ ፓፓያ። ለስለስ ያለ ነው፣ ሆድ አያስጨንቅም፣ አባትና እናት ጥርሳቸው ቢጎዳ እንኳ ይበሉታል። ከምግብ በፊት ነው በኋላ የሚለው ክርክር ለግፊት ልዩነት የለውም። በተመቻችሁ ሰዓት ብሉት።

ጁስ ቤት ለምትወዱ

ጁስ ቤት አትሂዱ አልልም፣ የጓደኛ መገናኛችን ነው። ግን አንድ ብርጭቆ ጁስ ውስጥ የሚገባውን ፍሬ ቁጭ ብላችሁ ብትበሉት ትጠግባላችሁ፣ ሲጠጣ ግን በሁለት ደቂቃ ያልቅና ከላይ ምግብ ታዛላችሁ። ብርቱካን ሲጨመቅ ደግሞ አሰሩ እዚያው ወንፊቱ ላይ ይቀራል። በዚያ ላይ ስኳር ይጨመራል፣ ካልተናገራችሁ የሚጠይቃችሁም ላይኖር ይችላል።

ስለዚህ እንዲህ አድርጉ። መጀመሪያ «ፍሩት ፓንች አለ?» በሉ። የተቆራረጠው ፍራፍሬ ከጁሱ ይሻላል፣ ሽሮፕ እንዳይፈስበት ብቻ ንገሩ። ጁስ ካማራችሁ ከማዘዛችሁ በፊት «ስኳር እንዳይገባበት፣ ሎሚ ይጨመቅበት፣ ሽሮፕ አልፈልግም» በሉ። ትንሹን ብርጭቆ እዘዙ ወይም ለሁለት ተካፈሉት። አቮካዶ ብቻውን ቢከብዳችሁ ከፓፓያ ጋር ይደረግላችሁ። የታሸገ ጁስ ግን ከዚህ ዝርዝር አውጡት፣ ብዙው ላይ ስኳር ተጨምሮበታል፣ ማሸጊያው ላይ ያለውን ጽሑፍ ማንበብ ነው።

ከየት ትገዛላችሁ

አትክልት ተራ ፒያሳ በነበረ ጊዜ መሀል ከተማ ያለ ሰው ከሥራ ሲወጣ በእግሩ ደርሶ በርካሽ ይገዛ ነበር። በ2012 ዓ.ም. በኮሮና ምክንያት ወደ ጃንሜዳ ተነሳ፣ ከዚያ ኃይሌ ጋርመንት ሄደ። ለእኛ ራቀ። አሁን ያለን አማራጭ የሰፈር ጉልት፣ የሸማቾች ሱቅ፣ የኢትፍሩት ሱቅ ያለበት አካባቢ ከሆናችሁ እሱ፣ ከዚያ ደግሞ የእሁድ ገበያ ነው። ለሳምንቱ የሚሆናችሁን እሁድ ግዙ፣ ጎረቤት ወይም ባልደረባ ካለ ተካፍላችሁ በብዛት ግዙ፣ ብዙ ሲገዛ ዋጋው ይወርዳል። ዋናው አስፋልት ዳር ያሉት የሚያማምሩ የፍራፍሬ ሱቆች ለዓይን ይስባሉ፣ ውስጥ መንደር ገባ ስትሉ ግን ያው ፓፓያ ረክሶ ይገኛል።

አቮካዶ ስትገዙ ሁሉንም የበሰለ አትግዙ፣ በአንድ ቀን ይበላሽባችኋል። ሁለት ለዛሬና ለነገ የሚሆን ለስላሳ፣ ቀሪውን ጠንካራ አድርጉት። ጠንካራውን ከሙዝ ጋር በጋዜጣ ጠቅልላችሁ ብታስቀምጡት በቶሎ ይበስላል። ቆዳው ላይ ጥቁር ነጠብጣብ የጣለ ሙዝ በቅናሽ ከሰጧችሁ ውሰዱ፣ በስሏል እንጂ አልተበላሸም። ፓፓያ ግማሽ በግማሽ ቢጫ የሆነውን ምረጡ።

ተቆራርጦ በአደባባይ የሚሸጥ ሐብሐብና አናናስ ላይ ግን ጠንቃቃ ሁኑ። ቢላው በምን ውኃ እንደታጠበ አይታወቅም፣ ዝንብም አለ። ሙሉውን ገዝታችሁ ቤት ቁረጡ። የማይላጠውን፣ ዘይቱንም ይሁን ወይን ወይም እንጆሪ፣ በንጹሕ ውኃ ደጋግማችሁ እጠቡ።

ጨዉን ካልነካችሁት

አሁን ፍራፍሬውን በልታችሁ ጨዉን እንደድሮው ብትተዉት ድካማችሁ ግማሽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይላል፣ ይህም ወደ አንድ የሻይ ማንኪያ ነው፣ በቀን ውስጥ ከምትበሉት ሁሉ ተደምሮ። ቤታችን ጨው የሚገባው ድስት ላይ ብቻ ይመስለናል፣ ግን በርበሬው ሲዘጋጅ ጨው አለው፣ ሽሮውም ሲፈጭ ጨው ገብቶበታል፣ ከዚያ ወጡ ላይ እንደገና ይጨመራል። እናቴ ግፊት ካገኛት በኋላ ቤታችን የተቀየረው ትልቁ ነገር ይህ ነው። በርበሬና ሽሮ ስናስፈጭ ጨው አይገባበትም፣ ወጡ ከተሠራ በኋላ ብቻ በመጠኑ ይደረጋል። የመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ቤቱ ሁሉ «ጣዕም የለውም» አለ። ምላስ ይለምዳል፣ አሁን ውጭ ስንበላ ነው የሚጨንቀን።

በጾም ወቅት

ጾም ለዚህ ሥራ ምቹ ጊዜ ነው። ረቡዕና ዓርብ አለ፣ ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው፣ ቅቤና ሥጋ የለም፣ ምስርና ጎመን አለ። እስከ 9 ሰዓት የምትጾሙ ከሆነ መጀመሪያ ውኃና ፓፓያ ወይም ሙዝ ብሉ፣ ትንሽ ቆይታችሁ እንጀራው ይቅረብ፣ ርቧችሁ ጨዋማ ወጥ ላይ አትወርዱም። ረመዷን ላይ ደግሞ በተምር ማፍጠሩ አለ፣ ከሳንቡሳው በፊት ሐብሐብ ወይም ብርቱካን ይጨመርበት፣ ሳንቡሳውም ቁጥሩ ይቀነስ።

በጾም ምክንያት ኪኒን የሚያቋርጡ ግን አሉ፣ ይህ ነገር ያሳዝነኛል። ሰዓቱ ካልተመቻችሁ ሐኪሙን ጠይቁት፣ አንዳንዱን መድኃኒት ማታ ማድረግ ይቻል ይሆናል። የንስሐ አባታችሁንም አነጋግሩ፣ ኢማሙንም ጠይቁ፣ ለታመመ ሰው ይፈቀዳል። በራሳችሁ ግን አታቁሙ።

መሥራቱን በምን ታውቃላችሁ

ግፊት ስሜት የለውም። «ራሴን ካላመመኝ ደህና ነኝ» የሚለውን እርሱት፣ ብዙ ሰው 160 ሆኖ ምንም ሳይሰማው ይሠራል፣ ይስቃል፣ ይተኛል። ማወቂያው መለካት ብቻ ነው። አመጋገባችሁን ከመቀየራችሁ በፊት አንድ ሳምንት ለኩና ጻፉ፣ ከጀመራችሁ ከአንድ ወር በኋላ ደግሞ እንዲሁ። ቤት መለኪያ ካላችሁ ጠዋትና ማታ ሁለት ሁለት ጊዜ ለኩ። የመጀመሪያውን ቀን ተዉትና የቀሪውን አማካይ ውሰዱ። መለኪያ ከሌላችሁ ሰፈር ባለው ጤና ጣቢያ ወይም ፋርማሲ፣ ሁልጊዜ በአንድ ቦታ።

ስትለኩ ቡና ከጠጣችሁ ግማሽ ሰዓት ይለፍ። ከፒያሳ ዳገቱን ወጥታችሁ ወዲያው አትለኩ። አምስት ደቂቃ ተቀመጡ፣ ጀርባችሁ ወንበሩን ይደገፍ፣ እግር አይጠላለፍ፣ ክንዳችሁ ጠረጴዛ ላይ በልብ ትክክል ይሁን፣ እጅጌው ተሰብስቦ ጨርቁ ራቁት ክንድ ላይ ይጠምጠም። እየተለካችሁ አታውሩ። ጤና ተቋም ውስጥ በተለያየ ቀን ተለክቶ 140 በ90 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ግፊት አለባችሁ ማለት ነው፣ ቤት ከሆነ ደግሞ 135 በ85 ይበቃል።

ቁጥሩ ከወረደ ደብተራችሁን ይዛችሁ ሐኪማችሁ ጋ ሂዱ። «ፍራፍሬ በቀን ይህን ያህል እየበላሁ ነው፣ ጨው ይህን ያህል ቀንሻለሁ፣ ቁጥሮቼ እነዚህ ናቸው፣ መድኃኒቱ ይቀነስልኝ ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። መጠኑን የሚቀንሰው እሱ ነው። ቁጥሩ ካልወረደ ደግሞ ተስፋ አትቁረጡ፣ ግፊት በዘር፣ በዕድሜ፣ በክብደት፣ በመጠጥ፣ በእንቅልፍም ይመጣል፣ ምግብ ብቻውን የማይበቃው ሰው ብዙ ነው፣ ኪኒን መጨመርም ሽንፈት አይደለም።

አንድ ቀን 180 በ120 ወይም ከዚያ በላይ ካያችሁ አምስት ደቂቃ ዐርፋችሁ ድገሙት። ከቁጥሩ ጋር ግን ደረት ካመማችሁ፣ ትንፋሽ ካጠራችሁ፣ አንድ ወገን ከደነዘዘ፣ አፍ ከተጣመመ፣ ንግግር ከተኮላተፈ ወይም ዓይን ከደበዘዘ ሎሚም ሙዝም አትፈልጉ፣ ሰው ጥሩና በቅርብ ወዳለው ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል በመኪና ሂዱ። ምልክቱ ከሌለና ቁጥሩ ብቻ ከሆነም እዚያው ቀን ሐኪም አግኙ።